ትምህርቷና የዲዩቲ ፕሮግራማችን፦ እየሠራች ዲግሪ የምትማር አንዲት ነርስ ጉዳይ

ወሩ 25 ሲል የሚቀጥለውን ወር የዲዩቲ ፕሮግራም አወጣለሁ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ውርጭ በሚበረታበት ደጋ፣ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሜትሮን፣ ማለትም የነርሶች ኃላፊ፣ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ፕሮግራሙ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በግራ የነርሶቹ ስም ይወርዳል፣ ከላይ ቀናቱ ይደረደራሉ፣ በየሣጥኑ «ቀን»፣ «ሌሊት» ወይም «ዕረፍት» ይጻፋል። በር ላይ ሲለጠፍ ሁሉም ተሰብስቦ ስሙን በጣቱ እየተከተለ ያያል። ማን ሠርግ እንደሚቀርበት፣ ማን በዓልን ከቤተሰቡ ጋር እንደሚውል፣ ማን ልጁን ትምህርት ቤት እንደሚያደርስ የሚወሰነው እዚያ ወረቀት ላይ ነው።

ይህ ጉዳይ የአንዲት የሕፃናት ክፍል ነርስ ነው። በደረጃ 4 ዲፕሎማ ተመርቃ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሥራዋን ሳትለቅ፣ አብዛኛውን በኢንተርኔት፣ ለነርሲንግ ዲግሪ ትማራለች። የእሷንም፣ የሆስፒታሉንም፣ የኮሌጁንም ስም አልጽፍም። ጽሑፉን ከመውጣቱ በፊት አንብባዋለች፤ ሁለት ቦታ ላይም አርማኛለች። የጻፍኩት እኔ በማወጣው በዚያ ወረቀት ምክንያት አንድ ስምንት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ለጥቂት ስለ ተረፈ ነው። ትምህርት የነርሷ የግል ጉዳይ ነው ብዬ አምን ነበር፤ አሁን እንደዚያ አላምንም።

ለምን ዲግሪ?

የመንዝ ልጅ ናት። እናቷ የበግ ጠጉር ፈትለው ባና ያሠራሉ፣ ገበያ ያወጣሉ። ልጅቷ መጀመሪያ በአንድ ገጠር ጤና ጣቢያ ሠርታ ወደ እኛ ስትዛወር እጇ በጣም የተፍታታ ነበር። ድርቀት የጎዳው ሕፃን መጥቶ ደም ሥር ሲጠፋ የምትጠራው እሷ ነበረች። ሕፃኑን በእናቱ እቅፍ እንዳለ በባና ትጠቀልለዋለች፣ እግሩን ብቻ ታወጣለች፣ በመዳፏ አሙቃ በጣቷ ትፈልጋለች። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ሙከራ ካኑላው፣ ያ ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጠው ቀጭን ቱቦ፣ ይገባል።

አንድ ቀን ካኑላ አገባብ እጁን ይዛ ያስተማረችው ወጣት የክፍሉ አስተባባሪ ሆኖ ተመደበ። ዲግሪ ስላለው ነው። ምደባው ደንቡን የተከተለ ነበር። ቅር ብሏት እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ልጁንስ አልጠላሁትም፣ እትዬ» አለችኝ። «እሱ ‹ለምን?› ሲባል የሚመልሰው አለው። እኔ ‹እንዴት›ን ነው የማውቀው። ሐኪሙ ሲጠይቅ ዝም የምለው እኔ ነኝ።»

የደመወዝ ነገርም ነበረበት፣ አልደብቅም። የዲፕሎማ ነርስ እርከን ቶሎ ይሞላል። እኔን የያዘኝ ግን ያ «ለምን» ያለችው ቃል ነው።

ዲግሪ ያላት ነርስ ለታካሚው ምን ትጨምራለች የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል። በፈረንጆቹ 2003 ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ግዛት በ168 ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ232,000 በላይ ታካሚዎች ተከታትሏል። የዲግሪ ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ ከፍ ባለ ቁጥር ታካሚው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ5 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። እኚሁ ተመራማሪ በ2014 ከሌሎች ጋር ሆነው በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች ባወጡት ጥናትም ተመሳሳይ ዝምድና ታየ፤ በዚያው ጥናት ግን ለአንዲት ነርስ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር የሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ከፍ ብሏል። እነዚህ ዝምድናዎች ናቸው፤ ዲግሪው ብቻውን አዳነ አይሉም፤ የተለኩትም በእኛ ዋርድ አይደለም። እኔ ግን ሁለተኛውን ቁጥር ደጋግሜ አስባለሁ። በእኛ የሕፃናት ክፍል 16 አልጋ አለ፤ ሌሊት የምታድረው ነርስ አንዲት ናት። አስተምረናት ሸክሙን ካበዛንባት በአንድ እጅ ሰጥተን በሌላው እየነሣናት ነው።

ትምህርት ቤት ፍለጋ

አሜሪካ ሜሪላንድ የምትኖር የአክስቷ ልጅ ነርስ ናት። እዚያ በሁለት ዓመት ትምህርት ፈቃድ አውጥታ ሥራ ከጀመረች በኋላ ዲግሪዋን በኢንተርኔት ጨርሳዋለች። የእኛዋ ነርስ ሐሳቡን ያገኘችው ከእሷ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህ መንገድ የተለመደ ነው። በፈረንጆቹ 2010 የአገሪቱ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ2020 ከነርሶች 80 በመቶው ባለ ዲግሪ እንዲሆኑ መክሮ ነበር፤ ቀኑ ሲደርስ ግቡ ባይሞላም ብዙ ሆስፒታሎች ሠራተኛቸውን ወደ ትምህርት ገፍተዋል። የኒው ዮርክ ግዛት በ2017 መጨረሻ ባወጣው ሕግ ደግሞ አዲስ የተመዘገበ ነርስ በ10 ዓመት ውስጥ ዲግሪውን እንዲይዝ ግዴታ ሆኗል። እዚያ በኢንተርኔት መማር የሚያስኬደው ተማሪዋ አስቀድማ የሥራ ፈቃድ ያላት፣ መርፌና ቁስል በእጇ ያለፈ ነርስ ስለሆነች ነው። የሚቀራት የምርምር ዘዴ፣ አመራር፣ የኅብረተሰብ ጤና፣ ስታቲስቲክስ ነው፤ ብዙዎቹ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ይጨርሱታል።

በእኛም አገር የጤና ባለሙያን ከሥራው ሳያነሡ ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ ከዩኒሴፍና ከአምሬፍ ጋር ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች 13 ሞጁሎች አዘጋጅቶ፣ ንባቡን ባሉበት፣ ተግባሩን በአካል አድርጎ ያስተማረበት ፕሮግራም ነበር። እኔ ራሴ ሞጁሎቹን ለአዳዲስ ነርሶች እሰጥ ነበር፤ ቋንቋቸው ግልጽ ነው።

እሷ መጀመሪያ ያገኘችው በቴሌግራም የተላለፈ ማስታወቂያ «ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት፣ በአንድ ዓመት ከመንፈቅ» ይላል። የመመዝገቢያውን ልትከፍል አንድ ቀን ሲቀራት አሳየችኝ። የዕውቅና ፈቃዱን ቅጂ እንዲልኩላት ጠይቂ አልኳት። ይህን እዚህ ላይ ረጋ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ስንት ነርስ ገንዘቡን የበላው ይህ ነውና። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው ለተቋሙ ስም በጅምላ አይደለም። የቱ ካምፓስ፣ የትኛው የትምህርት ዘርፍ፣ በምን ዓይነት አሰጣጥ የሚለው ተለይቶ ይጻፋል። አንድ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ካምፓሱ ለአካውንቲንግ ዕውቅና ስላለው በሌላ ከተማ ነርሲንግ ማስተማር ይችላል ማለት አይደለም። ከውጭ አገር በኢንተርኔት የተገኘ ዲግሪም ቢሆን እዚህ ለሥራ ሲቀርብ የአቻ ግምት ይጠየቅበታል። ማስታወቂያውን ያስነገሩት ሰዎች ቅጂውን ሊልኩ አልፈለጉም፤ «መጥተሽ እይው» አሏት፣ አድራሻ ግን አልሰጧትም። ተወችው።

ሁለተኛው ኮሌጅ ወረቀቱን አሳየ። ንድፈ ሐሳቡ በቴሌግራምና በቪዲዮ፣ በየሴሚስተሩ መጨረሻ በአካል ቀርቦ መፈተን፣ የተግባር ልምምዱ ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ። የመጀመሪያውን ክፍያ እናቷ ሁለት በግ ሸጠው ሞሉላት።

የውሃ ታንከሩ ሥር

ሆስፒታላችን ግቢ ውስጥ ኔትወርክ በደንብ የሚይዘው ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ የውሃ ታንከሩ በቆመበት ቦታ ነው። የመጀመሪያዎቹን ወራት ትምህርቷን የተከታተለችው እዚያ ቆማ ነው። ጠዋት ጠዋት ስገባ በነጭ ጋወኗ ላይ ባና ደርባ፣ ስልኳን በፕላስቲክ ከረጢት ከልላ አያት ነበር። ቪዲዮ ፓኬጇን ቶሎ ስለሚጨርስባት ድምፁን ብቻ ታወርዳለች፣ ፒዲኤፉን ታወርዳለች፣ ቤት ገብታ በደብተር ትገለብጣለች። አራት ዓመት የሞላት ልጅ አለቻት። ባሏ መምህር ነው፣ የሚያስተምረውም ሌላ ወረዳ፤ ቅዳሜና እሑድ ይመጣል። የተከራየችው አንድ ክፍል ከወፍጮ ቤት አጠገብ ነው። ወፍጮው ጠዋት ሦስት ሰዓት ይነሣል።

በመጀመሪያው ሴሚስተር ጥሩ ውጤት አመጣች። በሁለተኛው ወደ ቢሮዬ መጥታ፣ «እትዬ፣ የቀን ክፍሉ ከሥራ ጋር እየተጋጨብኝ ነው» አለች።

እኔም መላ አገኘሁ አልኩ። «ሌሊት ላድርግሽ። ሌሊት ጸጥ ይላል፣ ታነብቢያለሽ፤ ቀን ደግሞ ትምህርትሽን ትከታተያለሽ።» ትከሻዬን ሳመችኝ። በወር አሥር ሌሊት ጻፍኩላት፤ ቀኖቿ እንዲሰበሰቡላት ብዬም ሦስት ሦስት አድርጌ አከታተልኳቸው። የእኛ ሌሊት ከ11:30 ማታ እስከ 2:30 ጠዋት ነው፤ 15 ሰዓት። ሦስቱን ሌሊቶች ስደረድር መቼ እንደምትተኛ አልጠየቅኋትም። እሷም አልነገረችኝም። ደግ እንዳደረግሁላት ነበር የሚሰማኝ፣ በዚህ ሐሳብ ከግማሽ ዓመት በላይ ቆየሁ።

ከዚያ በ2015 ክረምት መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። የውሃ ታንከሩም ሥር ምንም አይያዝም። ኮሌጁ ያለው ኢንተርኔት በሚሠራበት ከተማ ስለሆነ ትምህርቱን አላቆመም፤ የቤት ሥራውም ማስረከቢያ ቀን አልተራዘመም። መንገድ ሲከፈት አዲስ አበባ የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር በፍላሽ እያመጣላት፣ የሠራችውንም በዚያው ፍላሽ እየመለሰላት ሰነበተች። ፋይሉን አዲስ አበባ ያለች የክፍል ጓደኛዋ ትጭንላታለች፣ ታስረክብላታለች። ሾፌሩ ከማታ 11 እስከ 12 ባለው ይደርሳል፣ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ይነሣል።

ያ ሌሊት

ኅዳር 2016 ነው። ለእሷ በተከታታይ ሦስተኛው ሌሊት ነው። በዚያን ዕለት ቀን የተኛችው ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ ልጇ ታማባት ነበር፣ ወፍጮውም አለ። ሾፌሩ ዘግይቶ ስለ ገባ ፍላሹን ለመቀበል መናኸሪያ ቆየች፤ ርክክብ ላይ የደረሰችው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው። የቀኗ ነርስም ቤቷ የሚጠብቃት ሕፃን ስላላት እየተጣደፈች አስረክባት ወጣች። ያልነገረቻት አንድ ነገር ነበር። በዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ፋርማሲው ለክፍሉ የሰጠው ጄንታማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ከለመድነው የተለየ ነው።

እስከዚያ ቀን የሕፃናት ክፍል የሚጠቀመው 2 ሚሊ ሊትሩ 20 ሚሊ ግራም የያዘውን አምፑል (አንገቱ ተሰብሮ መድኃኒቱ በስሪንጅ የሚሳብ ትንሽ ብርጭቆ) ነበር። ያ ስላለቀ የመጣው በዚያው 2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 80 ሚሊ ግራም ያለው ነው። አምፑሎቹ ቁመታቸው አንድ፣ ብርጭቆአቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው በላያቸው የታተመው ደቂቅ ጽሑፍ ነው።

አልጋ 7 ላይ ዘጠኝ ወር የሞላው፣ 8 ኪሎ የሚመዝን፣ ከባድ የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ተኝቷል። አምፒሲሊን በየስድስት ሰዓቱ፣ ጄንታማይሲን በቀን አንድ ጊዜ ታዞለታል። የጄንታማይሲኑ መጠን በኪሎ 7.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ለ8 ኪሎ 60 ሚሊ ግራም። በድሮው አምፑል 60 ሚሊ ግራም ማለት 6 ሚሊ ሊትር ነው፣ ሦስት አምፑል። በአዲሱ ግን 1.5 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ አንድ አምፑል ተሰብሮ ይተርፋል።

ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ገደማ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራው ወረቀት ተከፍቷል፤ ከንጋቱ 11 በፊት ማለቅ አለበት። ተነሥታ መድኃኒቱን ልታዘጋጅ ሄደች። ስሌቱን አልሠራችም፤ ለ8 ኪሎ ሦስት አምፑል እንደሆነ እጇ ያውቀዋል። አንዱን ሰበረች፣ ሁለተኛውን ሰበረች፣ ሦስተኛውን ሰበረች። 6 ሚሊ ሊትር ሳበች። ስሪንጁ ውስጥ ያለው 240 ሚሊ ግራም ነው፣ የታዘዘው አራት እጥፍ። ጄንታማይሲን ሲበዛ ኩላሊትንም ጆሮንም ይጎዳል፤ የጆሮው ጉዳት የማይመለስ ሊሆን ይችላል።

ወደ አልጋው ቀርባ ካኑላውን ስትከፍት የሕፃኑ እናት ቀና አለች። ሕፃኑ አንድ ቀን በፊት ሌሊት ሲገባ የመጀመሪያውን መርፌ የሰጡት በድንገተኛ ክፍል ነው፤ እዚያ ደግሞ አዲሱ አምፑል ቀድሞ ገብቶ ነበር።

«ሲስተር» አለች እናቲቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ትናንት ያኛዋ አንድ ነበር የሰበሩት። ዛሬ እርስዎ ሦስት ሰበሩ። ባሰበት እንዴ ልጄ?»

እጇ ቆመ። ተመልሳ ባዶዎቹን አምፑሎች መብራት ሥር አነበበቻቸው። ስሪንጁን እንዳለ ወደ ጎን አስቀምጣ እንደገና አሰላች፣ 1.5 ሚሊ ሊትር ሳበች፣ ከድንገተኛ ክፍል ነርሱን ጠርታ አነበበችለት፣ ሰጠች። ከዚያ መታጠቢያው አጠገብ ቁጭ ብላ አለቀሰች። የቤት ሥራውን አልጨረሰችም። ሾፌሩ ያለ ፍላሹ ሄደ።

ጠዋት ስገባ የክስተት መዝገቡን ራሷ ሞልታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣዋለች። ሦስቱን ባዶ አምፑሎች በጓንት ጠቅልላ ከጎኑ አድርጋለች። ዝም ብትል ማንም አያውቅም ነበር። ስለ እሷ የማከብረው ብዙ ነገር አለ፤ ከሁሉም በላይ ግን ይህን።

የማን ጥፋት ነው?

በስብሰባው ላይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይሰጣት፣ ሥራዋን ወይም ትምህርቷን ትምረጥ የሚል ሐሳብ ቀረበ። እሷ አንገቷን ደፍታ ነበር፤ ከኮሌጁ ለመልቀቅ የሞላችውን ፎርም በቦርሳዋ ይዛለች። እኔ የኅዳርን ፕሮግራም ይዤ ገብቼ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ሦስቱን «ሌሊት» የሚሉ ሣጥኖች አሳየኋቸው። ፊርማው የእኔ ነው።

አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1997 ባሳተሙት ጥናት ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የዓይንና የእጁ ቅንጅት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝተውታል። ይህን ከስንት ጊዜ በፊት አንብቤዋለሁ። የጠጣች ነርስ አላስገባም፤ ያልተኛችዋን ግን በራሴ እጅ ጽፌ አስገባኋት። ያውም ሦስት ሌሊት። የፋርማሲው ለውጥ በጽሑፍ አለመነገሩ፣ የተጣደፈው ርክክብ፣ የተቋረጠው ኢንተርኔት፣ የማይራዘመው ማስረከቢያ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። መድኃኒቱን ሳታነብ መሳቧ የእሷ ነው፤ እሷም አልካደችም። ደብዳቤው ቀረ። ፎርሙን ለአንድ ሳምንት እንድታቆየው ለመንኳት።

እናቲቱን ለማመስገን ስንሄድ ደነገጠች። «ማሩኝ፣ አላውቅም ብዬ ነው የተናገርኩት» አለች። መናገሯ ልጇን እንዳተረፈው ስናስረዳት ቶሎ አላመነችንም። ሕፃኑ በሰባተኛው ቀን ድኖ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሕፃን ይዛ ለምትገባ እናት ሁሉ የመድኃኒቱን ስምና ስንት አምፑል እንደሚሰበር እንነግራታለን፤ ከተለወጠ እንድትጠይቅ እናደርጋለን።

ሁለቱ ዓይነት አምፑሎች አንድ መደርደሪያ ላይ አይቀመጡም። ፋርማሲው ጥንካሬው የተለየ ነገር ሲያወጣ በርክክብ መዝገቡ ላይ በቀይ ይጽፋል። በኪሎና በሚሊ ሊትር የተሠራ ሰንጠረዥ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ የሠራችው እሷ ናት።

ፕሮግራሙ ግን ከባድ ነበር። ከሁለት ሌሊት በላይ ማከታተል ቀረ። ከፈተና ቀን በፊት ያለው ሌሊት ለተማሪ አይጻፍም። ከዲዩቲ ያደረች ነርስ የሚቀጥለው ቀኗ ለእንቅልፍ እንጂ ለክፍል አይቆጠርላትም፤ ክፍል ካለባት ዲዩቲው ይቀየራል። እንዲህ ሲባል ሌሊቱ የት ይሄዳል? ሌላ ሰው ላይ ይወድቃል። ከወለደች ሰባት ወሯ የሆነ ባልደረባችን በስብሰባ ተነሥታ፣ «የእሷ ትምህርት የእኔ ሌሊት ሆነ» አለች። እውነቷን ነው። መልስ አልነበረኝም።

መልሱ የመጣው ከአንድ አዛውንት የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነው። «ወንፈል አታደርጉትም?» አሉ። እኛ አገር ወንፈል የማያውቅ የለም። ዛሬ አንተ የእኔን ማሳ ታርማለህ፣ ነገ እኔ የአንተን፤ ቀኑ ይቆጠራል፣ ሳይመለስ አይቀርም። አንድ ደብተር ገዛን። ተማሪዋ የተበደረችው እያንዳንዱ ሌሊት በስም ይጻፋል፣ የምትመልሰውም አበዳሪዋ በመረጠችው ቀን ነው። አበዳሪዎቹ የመረጡት በዓል በዓሉን ነበር። የዚያን ዓመት ገናንም፣ ጥምቀትንም፣ ፋሲካንም ሆስፒታል አሳለፈች። ሰባት ወር ሕፃን የነበራት ባልደረባችን የልጇን ልደት ያለ ሥጋት አደረገች፤ የዚያን ቀን ዲዩቲ የገባችላት ተማሪዋ ናት። ያልተመለሰ ብድርም አለ። አራት ሌሊት ያበደራት አንድ ነርስ ሳትመልስለት ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወረ፤ ደብተሩ ላይ ስሙ እስካሁን አልተሰረዘም። እሷም አታሰርዘውም።

ከኮሌጁ ጋርም ደብዳቤ ተጻጽፈናል። ኔትወርክ ባልነበረበት ወቅት ማስረከቢያ ቀኑ ያለፈባትን የቤት ሥራ እንደገና እንድታስረክብ የፈቀዱት ከሦስተኛው ደብዳቤ በኋላ ነው። አንዱን ኮርስ ግን ደግማ ከፍላ ወስዳዋለች። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል። ኢንተርኔት የተቋረጠበት አካባቢ ተማሪ መዝግቦ፣ ሲቋረጥበት ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ ያላሰበ ተቋም ክፍያውን ከተማሪዋ መውሰድ አልነበረበትም።

ትምህርቱ ወደ ክፍሉ ሲመጣ

በሦስተኛው ዓመት ለምርምር ዘዴ ኮርስ የመረጠችው ርዕስ አምፒሲሊን በእኛ ክፍል በታዘዘበት ሰዓት ይሰጣል ወይ የሚል ነው። አንድ ወር ሙሉ ካርዱ ላይ የተጻፈውን ሰዓትና በእርግጥ የተሰጠበትን ሰዓት ጎን ለጎን መዘገበች። ሁላችንም የእኩለ ሌሊቱ መርፌ ይዘገያል ብለን ነበር። እሱ አልነበረም። በብዛት የሚዘገየው ንጋት 12 ሰዓት ላይ የሚሰጠው ነው። የሌሊቷ ነርስ በዚያ ሰዓት የሕፃናቱን ሙቀትና ክብደት ትለካለች፣ ለርክክብ መዝገብ ትሞላለች፤ መርፌው ወደ ቀኗ ነርስ ይንሸራተታል። ክብደት የሚለካበትን ሰዓት ወደ ረፋድ አዛወርነው። እንዲህ ቀላል ነገር ነው፤ ግን ስንት ዓመት አላየነውም። መምህሯ ወረቀቱ ላይ «ጥሩ» የምትል አንዲት ቃል ጽፎ መለሰላት፤ እሷ ተከፋች። እኔ ኮፒውን ፋይሌ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ሐኪሙ ዙር ሲያደርግም አሁን ዝም አትልም። በቅርቡ አንድ ሽንቱ የቀነሰ ሕፃን ጋ ሲደርሱ፣ ጄንታማይሲኑ ከመቀጠሉ በፊት ኩላሊቱ ይታይ አለች። ለምን ብሎ ጠየቃት። ነገረችው።

አልጋ በአልጋ አልሆነላትም። ለተግባር ልምምድ ትልቅ ሆስፒታል ስምንት ሳምንት ስትቆይ ልጇን አያቷ ጋ መንዝ ልካ ነበር፤ ስትመለስ ልጅቷ ለሦስት ቀን እናቷን «ሲስተር» እያለች ነው የጠራቻት። የዓመት ፈቃዷን በሙሉ ጨርሳለች። ከፊቷ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ካላመጣ ዲግሪውን አይቀበልም። ብታልፍም በመዋቅራችን ላይ ክፍት የዲግሪ ነርስ መደብ አሁን የለም። ይህን ነግሬያታለሁ። «ይሁን፣ እማራለሁ» ነው ያለችኝ።

ዘንድሮ ሌሎች ሁለት ነርሶች ተመዝግበዋል። ሁለቱም ወደ ቢሮዬ የመጡት ወሩ 20 ሳይሞላ፣ የክፍልና የፈተና ቀናቸውን በወረቀት ጽፈው፣ ቀን መቼ እንደሚተኙም ከጎኑ አስፍረው ነው። እንዲህ አድርጉ ያለቻቸው እሷ ናት። ደብተሩ ላይ ለእያንዳንዳቸው አዲስ ገጽ ከፍተናል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ያበደረቻቸውም እሷው ናት።